የማንያዘዋልን ልጅ ክርስትና ማን ታንሣት?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ በወሎ፣ ከአንድ ተራራ ሥር ባለች ከተማ ማንያዘዋል የሚባል አናጢ ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ስምንት ዓመት ልጅ ስትለምን ኖራ፣ በዘጠነኛው ሆስፒታል ገብታ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልልታው ሳያባራ ግን ደም ይፈሳት ጀመር፤ አልቆም አለ። ሐኪሙ ወጥቶ፣ «ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው፤ እንደ ልብ አይገኝም፣ እኛ ጋም አልቋል። ወደ ደም ባንክ ሩጥ!» አለው። አቤት ሩጫ! አንዱ ጫማው መንገድ ላይ ቀረ።

ደም ባንክ ያገኛት ብርቱካን የምትባል ነርስ ብቻዋን ነበረች። ማቀዝቀዣው ውስጥ የዚያ ዓይነት ደም የለም። የለጋሾቹ ስምና ስልክ ያለበትን ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ አቃጥሎታል። አለቃዋም፣ «ነገ ባለሙያ ይመጣል፤ እስከዚያ አንድ ነገር ብትነኪ ሥራሽን እርሺው» ብሏታል።

«ነገማ ሚስቴን እቀብራለሁ» አለ ማንያዘዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። በዚያ ቢሮ ስምረት የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ሁለት ሳምንት ቀራት። ሌላ ሰው ቢሆን ሻይ እየጠጣ ቀን ይቆጥር ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አንድ ፕሮግራም ጻፈች፤ አንድ መስመር ሲሰጡት በሩቅ አገር አዲስ ሰርቨር፣ ማለት ትልቅ ኮምፒውተር፣ የሚከራይ፣ መዝገብ የሚይዘውን ዳታቤዝ የሚጭን፣ የመዝገቡን የመጨረሻ ቅጂ አምጥቶ የሚከፍት፣ ሁሉንም ራሱ! ሠላሳ ጊዜ እያፈረሰች ሞከረችው። አለቃዋ «ማን አዘዘሽ?» ቢላት፣ «እኔ ብሄድም መዝገቡ እንዳይሄድ ነው» አለች። አሠራሩን በወረቀት ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። መጨረሻው «ከዚያ እጅን ሰብስቦ መጠበቅ» ስለሚል ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

መዝጋቢዋ እትዬ እማዋይሽ ደግሞ ልጅ ያልወለዱ፣ ሥራቸውን እንደ ልጅ የያዙ ሴት ናቸው። የዕለቱን መዝገብ ቅጂ ወደ ክላውድ፣ ማለት በሩቅ አገር ወዳለ የኪራይ ማከማቻ፣ ሳይልኩ ወደ ቤት አይሄዱም። ኮምፒውተሩ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው ዘመዶቻቸው መኪና ይዘው መጡና «ወንድምዎ ትንሽ ታመው ነው» አሏቸው። ትንሽ ታመው ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማን ይጠፋዋል? እንባቸው እየወረደ፣ «ቆዩኝ፤ ዛሬ አንድ ሰው መዝግቤያለሁ» አሉ። ኔትወርኩ ተንቀረፈፈና አንድ ሰዓት ፈጀ። እሳቸው ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ነበር።

እንግዲህ ማንያዘዋል በሮጠበት ቀን እሳቸው ገጠር ለቅሶ ተቀምጠዋል፤ ስምረትም ከሄደች ቆይታለች፣ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። ብርቱካን ግድግዳውን አየች፣ ማንያዘዋልን አየች።

«ኮምፒውተር አላውቅም፤ ማንበብ ግን አውቃለሁ» አለች። በራሷ ላፕቶፕ መስመሩን ፊደል በፊደል ጻፈች፣ አማተበች፣ ነካችው።

ማንያዘዋል ያየውን ሲያወራ እስከ ዛሬ ድምፁ ይለወጣል። ማንም ሳይነካው ጽሑፍ ይወርድ ጀመር! ይቆማል፣ ያሰላስላል፣ ደግሞ ይቀጥላል። እሱ አንድ በር ለመግጠም ሁለት ቀን የሚፈጅበት ሰው፣ ጣውላ ራሱን ሲልግ፣ ምስማር ራሱን ሲመታ ያየ መሰለው። ጽሑፉ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ሞተ እኮ! ንኪው እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«እጅን ሰብስቦ ይላል» አለች። እጆቿን ብብቷ ሥር ከተተች፤ አልነካችም።

በአሥራ አንደኛው ደቂቃ መዝገቡ ተከፈተ። ወይ የጌታ ሥራ! እዚህ የተቃጠለው እዚያ ማዶ አንድ ስም ሳይጎድል ተነሥቷል። ማንያዘዋል ሳያስበው በጉልበቱ ተንበረከከ።

ያ ደም ያላቸው አምስት ሰዎች ነበሩ። አራቱ ስልክ አላነሱም። አምስተኛው እትዬ እማዋይሽ መጨረሻ የመዘገቡት ሁሴን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ነው። «መጣሁ!» አለ፤ እውነትም ሚኒባሱን ከነተሳፋሪዎቹ በር ላይ ገተረው። ደሙን ሰጠ፤ ትርንጎ ዳነች።

ልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ክርስትና ደረሰ። ሴት ልጅን የምታነሣት ሴት ናት፣ ያውም አንዲት። ሁሴን፣ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ያውም ወንድ። አጎትነቱ ይበቃኛል» ብሎ ከክርክሩ ወጣ። ሦስቱ ሴቶች ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሙ።

«ማንም ሳያዘኝ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች ስምረት። «ያ ባይኖር ባለሙያ ስትጠብቁ ትርንጎ ሞታ ነበር።»

«ባዶ ሣጥን ቢከፈት ምን ይገኝበታል?» አሉ እትዬ እማዋይሽ። «ሁሴንን እዚያ ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ በወንድሜ ቀብር ለውጬ።»

«ወረቀቱም ቅጂውም ተቀምጠው ነበር» አለች ብርቱካን። «የደፈርኩት እኔ ነኝ። ይኸው ከሥራ ተባረርኩ።»

ቄሱ፣ «ውሃው ተባርኳል፤ የምትቀበላት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ማንያዘዋል ሕፃኗን ታቅፎ ሦስቱንም አየ፤ ስድስት እጆች ተዘርግተዋል።

እኔስ ብዙ ጊዜ አስቤበት አቅቶኛል። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጅቱን ለማን ትሰጧት ነበር?