የእትዬ ይታይሽ ጠበል

ሄሎ፣ ሄሎ። ይሰማል አይደል? እሺ። ተረት ተረት!

መልሱ እንጂ! አውቃለሁ፣ የድምፅ መልእክት ነው፣ ከስልክ ውስጥ ማን ይመልስልኛል። እሺ፣ እኔው ልመልስ፦ የውሃ በረት!

ጋሽ አንዳርጌ፣ እንዳይዘጉት። የግድቡ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነዎት፣ መስማት አለብዎት። ጠዋት «ይሄ ልጅ ደግሞ ጀመረው» ብለው የስልክ ቡድናችን ላይ የጻፉትን አይቻለሁ። አልተቆጣሁም። ማለቴ ተቆጥቻለሁ፣ ግን አልጮህም። አያቴ ናት፣ «አንተ ስትጮህ ሰው ጩኸትህን እንጂ ነገርህን አይሰማም፣ ተረት አርገህ ንገራቸው» ያለችኝ። በሉ እራታችሁን እየበላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን እንዶድ በር የሚባል አገር ነበረ። ክረምት ላይ ጎርፍ ነው፣ በጋ ላይ አቧራ ነው። ከዚያም ሰዎቹ መከሩና፣ «ጎርፉን እንደ ላም በረት ሰርተን እንዝጋበት» ተባባሉ። ሁለት ኮረብታ መሀል አፈር ቆለሉ። ከየቤቱ ጓሮ አፈር መጣ። አንዱ ቀይ አመጣ፣ አንዱ አሸዋማ አመጣ። የግድቡን ሆድ ግን በጥቁር ዋልካ ሞሉት። ዋልካ ውሃ አያሳልፍማ። ያ ዋልካ የመጣው ከአንድ ጓሮ ብቻ ነው፣ ከእትዬ ይታይሽ ጓሮ። እትዬ ይታይሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቤቷም የነጭ ሽንኩርት መደቧም ከግድቡ ግርጌ ነው። ሌላ ምንም የላት። ከዚያም በሬ እየነዱ አፈሩን ረገጡትና ጠነከረ።

ክረምት መጣና በረቱ ሞላ። በበጋ ሽንኩርት ተበላ፣ ቃሪያ ተበላ፣ ድንች ተበላ። ሰው ጠገበ። ሰው ሲጠግብ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ እኔ አልናገርም።

ውሃውን የሚጠብቅ የውሃ አባት ሾሙ። አያ ስንሻው ይባላል። የመስኖ ተራ ያከፋፍላል። የመልቀቂያውን በር ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጠዋት ጠዋት የግድቡን እግር እየዞረ ያያል። ጎበዝ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፣ ይጮሃል። ፍየል ግድቡ ላይ ወጣች፣ ይጮሃል። ግድቡ ላይ ቁጥቋጦ በቀለ፣ ይጮሃል። «እንደምን አደርክ» ሲሉት፣ «ምን ማለትህ ነው!» ብሎ ይጮሃል። ምን ያስቃችኋል? እኔን አይመስልም።

አንድ ቀን እትዬ ይታይሽ በግድቡ እግር ስር ስታልፍ፣ ከሳሩ መሀል ውሃ ሲያዥ አየች። ትንሽ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ጉልበቷን ያማት ነበርና ታጠበችበት። በማግስቱ ጉልበቷ ቀለላት። እልል አለች፦

፦ ጠበል ፈለቀልኝ!

እንግዲህ አገር ጠበል ሲሰማ! ወገቡን ያመመው መጣ። ራሱን ያመመው መጣ። ምንም ያላመመውም «ለሚመጣው ይሁነኝ» ብሎ መጣ። ቄሱ «ኸረ እኔ ስለዚህ ውሃ የማውቀው የለም» ቢሉ ማን ይስማቸው። ከዚያም ሰው በዛና «ጉድጓዷ ጠበበች» ተባለ። ዶማ አመጡና ቆፍረው አሰፏት። የግድቡን እግር! በዶማ! አያቴ ይቺን ስትነግረኝ «ውሸትሽን ነው፣ እንዲህ የሚያረግ ሰው የለም» ብያት ነበር። ባለፈው ሳምንት ማን የኛን ግድብ እግር ቆፍሮ ልብስ ማጠቢያ እንደሰራ አልናገርም። ተረት ላይ ነኝ።

አያ ስንሻው መጣ። አየ። ጮኸ፦

፦ ይሄ ጠበል አይደለም! ግድቡ ነው የሚያዠው!

፦ አያ ስንሻው፣ ጠበል ላይ አይጮህም።

፦ ጥርት ብሎ እስካዠ ድረስ ግድ የለም፣ ላቡ ነው በሉት! መቆፈር ምን ይሉታል!

፦ ሂድ ፍየልህን አባር።

በሶስተኛው ቀን ውሃው ደፈረሰ። አተላ መሰለ። እየወፈረም መጣ። ሰው ፈራ? ኧረ ደስ አለው!

፦ ኃይል ጨመረ! በሽታችንን እያጠበ'ኮ ነው የደፈረሰው!

አያ ስንሻው ያንን ሲያይ ደሙ ፈላ። በዱላው መሬቱን እየደበደበ ጮኸ፦

፦ ውጡ! ግድቡ ሊሄድ ነው! እትዬ፣ ቤትሽን ሊወስደው ነው! ይታይሽ ተብለሽ እንዴት አይታይሽም!

ሰዎቹ ተያዩ። ጠበል ቦታ የሚጮህ ሰው ምን እንዳለበት ታውቃላችሁ።

፦ ለፈለፈ!

፦ ያዙት! ማን ነህ? ስምህን ተናገር!

፦ ስንሻው ነኝ!

፦ ውሸታም ሰይጣን! የሰውየውን ስም ሰርቆ!

፦ ስንሻው ነኝ እላለሁ! ትናንት ውሃ ያጠጣሁህ!

፦ አያችሁ፣ ሁሉን ያውቃል!

አራት ጎረምሳ ያዙትና ወስደው ነከሩት። ሊጮህ አፉን ሲከፍት አፉ ሞላ። ደግሞ ሲከፍት ደግሞ ሞላ። ሲለቁት መጮህ አቃተው። እፍኙ ላይ ተፋው። አየው። ጭቃ ነው፣ ጥቁር።

ከዚያም አያ ስንሻው በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

፦ እትዬ ይታይሽ፣ እስኪ ነይ። ይሄ የማን ጓሮ አፈር ነው?

እትዬ ይታይሽ ቀረበች። በጣቷ አሸት አሸት አረገችው። አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ።

፦ የኔ ዋልካ ነው።

፦ የት ነበር ያስቀመጥነው?

፦ ግድቡ ሆድ ውስጥ።

፦ ታዲያ አፌ ውስጥ ምን ይሰራል?

  እትዬ ይታይሽ ዞራ ቤቷን አየች፣ ከዚያ ሽንኩርቷን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ ግድቡን አየች። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው አይደል የሚባለው?

፦ ድፈኑት! ጭቃ አምጡ! አሉ ጎረምሶቹ።

፦ አትድፈኑት! አለ አያ ስንሻው። ውሃ አንዱን በር ብትዘጉበት ሌላ በር ይከፍታል። ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር።

፦ እንዴት ተደርጎ?

 ይሄኔ እትዬ ይታይሽ፦

፦ ጠላ አጥልላችሁ አታውቁም? ጠላው ያልፋል፣ አተላው ይቀራል። ለግድቡም ማጥለያ እንስራለት!

ከዚያም ሮጡ። መጀመሪያ ከወንዝ አሸዋ አመጡና አፈሰሱበት። በላዩ ጠጠር። በጠጠሩ ላይ ድንጋይ። አያ ስንሻው ደግሞ ግድቡ እንዲቀልለት ሄዶ የመልቀቂያውን በር ከፈተው። የዓመቱ ውሃ በወንዙ ሄደ። ሽንኩርቱ ገና መተከሉ ነበር። ሴቱም ወንዱም ውሃው ሲሄድ እያየ አለቀሰ። ግን በሩን ዝጋ ያለ የለም።

ሲመሻሽ ከድንጋዩ ስር የሚያዠው ውሃ ቀጠነ። በማግስቱ ጠራ።

በዚያ ዓመት የእንዶድ በር ሽንኩርት አውራ ጣት የምታህል ሆነች። የእትዬ ይታይሽ ቤት ግን እንደቆመ ቀረ። ጉልበቷስ? ቀኑን ሙሉ ጠጠር ስትሸከም ውላ ጭራሽ ፈታ አለላት። «ጠበሌ ነው» አለች። ማንም አልተከራከራትም።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ይታይሽ ጠዋት ጠዋት በቅል ትቀዳና ታያለች። ከጠራ ሽንኩርቷን ትኮተኩታለች። ከደፈረሰ አያ ስንሻውን ትጠራለች። አያ ስንሻውም መጮህ ተወ። ከፍየል በስተቀር።

ተረቱ አለቀ። አሁን ጋሽ አንዳርጌ፣ የኔን ቅል ልንገርዎት። ዛሬ ጠዋት ከኛ ግድብ እግር በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀዳሁ። ፎቶውን ላክኩላችሁ። ሳቃችሁ። እርስዎም «ዝናብ ያደፈረሰው ነው» አሉ። ዝናብ ከዘነበ'ኮ ሁለት ወሩ ነው፣ ጋሽዬ! ጠርሙሱን አስቀምጬ እስከ ቀትር ጠበቅኩት። ታች የተቀመጠው አፈር የአንድ ጣት ያህል ይወፍራል። ቀይ ነው። የኛ ግድብ ሲሰራ ቀይ አፈር ከማን ጓሮ እንደተጫነ እርስዎ ይንገሩኝ።

አያቴ ከግድቡ በታች ናት። «ለሊቀመንበሩ ሳልነግር ቤቴን ጥዬ አልሄድም» ብላ ተቀምጣለች። ነገርኳችሁ ይኸው። አልጮህኩም አይደል? እኔ አሁን ግድቡ እግር ስር ነኝ፣ አሸዋ እያፈሰስኩ ነው። የመልቀቂያው ቁልፍ ግን እርስዎ ቤት ነው ያለው።

በሉ እንግዲህ፦ ተረቴን መልሱ፣ አሸዋ ይዛችሁ ድረሱ፣ አፌን ነገ በእሸት ታብሱ። ጋሽ አንዳርጌ፣ እርስዎ ደግሞ ቁልፏን አይርሱ።