የፊተኛው ካርቡሬተር

ይህን መልስ ሃያ ዓመት ሙሉ የራሴ አስመስዬ አውርቼዋለሁ፤ ባለቤቱ ግን አንድ መካኒክ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደምሰው የባለ ሁለት ካርቡሬተር አሮጌ መኪናቸውን ብሎኖች ራሳቸው ነካክተው አበላሹና እኛን ሠራተኞቻቸውን አስከትለው ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ የጎማ ቱቦ ጆሮው ላይ ለጥፎ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን የሁለቱን ካርቡሬተሮች ትንፋሽ በየተራ አዳመጠ።

«ሹፌሬ ነው ያበላሻት በል፤ ላባርረው ነው። አለዚያ ጋራዥህን አሳሽጋለሁ!» አሉት አቶ ደምሰው።

እኛ አንገታችንን ደፋን።

«ሹፌር እንኳ አይደለም፣ ጋሼ» አለ መካኒኩ። «የፊተኛው ቤንዚኑን ሁሉ እየጠጣ ያጓራል፤ የኋለኛው ትንፋሽ አጥሮት ሥራውን ብቻውን ይጎትታል። እንዲህ አድርጎ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት የሚመራ ሰው ብቻ ነው።»

ሹፌሩ ከመባረር ተረፈ፤ ጋራዡ ግን በማግስቱ ታሸገ። እኔም በመካኒኩ መልስ ስሞገስ ኖርኩ። ይቅር በሉኝ።