የሁለት ጨዋዎች ዳስ

ነፋስ ሲነሳ ዳሱን የሚያጥፍ ሰው ሲያዩ ፈሪ ነው የሚሉ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ስለ ነፋስና ስለ ዳስ የሚባለው ብሂል እነሱ ጋ ሲደርስ ታሪኩን መንገድ ላይ ጥሎ ነው የመጣው። በታሪኩ ውስጥ ግን አንዲት ወሯ የገባ ሴት፣ አንድ የአቡጀዲ ዳስና ጨዋነታቸው ጉድ ሊሠራቸው የነበረ ሁለት ወንዶች አሉ።

ሴትዮዋ ጦይባ ትባላለች። ባሏ ይማም ሲራራ ነጋዴ ነበር፤ ከወሎ ደጋ ገብስና ማር ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል፣ ከቆላ ጨው ጭኖ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ግን ከጭነቱ ሁሉ ያሳሰበው ጦይባ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ነው፤ የእናቷ መንደር ደግሞ ከሜዳው ማዶ ነው። ሜዳውን ነጋዴዎች እናት የለሽ ይሉታል። ዛፍ አይበቅልበትም፣ የሚያስጠልል ቋጥኝ እንኳ የለውም። ሌሊት ዱካው ስለማይታይ ማንም አይደፍረውም። ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛው ይሄዱና፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ዳስ ዘርግተው ያሳልፏታል። ዳስ የሌለው ሰው እዚያ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ዳሱን የሰፋችው ራሷ ጦይባ ናት። ሆዷ እየገፋ ሲሄድ እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠርዙን ደርባ ትሰፋ፣ ገመድ የሚገባበትን ቀዳዳ በቆዳ ትከፍፍ ነበር። ይማም አይቶ፣ «ይሄ ለሙሽራ ነው ወይስ ለሲራራ ነጋዴ?» ብሎ አሾፈባት። ሲነሱ ግን ለጫኞቹ አላስነካውም፤ በገዛ በቅሎው ላይ በገዛ እጁ ጫነው። ጦይባ ይህን አይታ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷን ግን አልነገረችውም።

ሜዳው አፋፍ ላይ ሰፈሩ። ዳሱን በሁለት ባላ ላይ ወጥረው፣ ካስማውን መትተው እንደጨረሱ ከሜዳው በኩል ግመሎች ብቅ አሉ። ከፊት የሚመጡት ከይማም አባት ጋር የነገዱ ሽማግሌ፣ አያ ሙሄ ነበሩ። የራሳቸውን ዳስ አጣጥፈው ከጨው ጭነታቸው በላይ አስረውታል።

«ምነው አያ ሙሄ፣ በዚህ ፀሐይ ዳስዎን አጠፉት?» አለ ይማም እጃቸውን እየሳመ።

«ከኋላዬ አቧራ ቆሞ አየሁ፤ አጠፍኩት።»

«እንኳን አጠፉት። የእኔ እያለ የእርስዎ ምን ያደርጋል? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ጦይባ ከንግግሩ ሁሉ አቧራ የሚለውን ቃል ያዘች። ቀና ብላ ሜዳውን ብታይ ቡናማ ነገር ከምድር ተነስቶ ቆሟል።

እዚህ ላይ የሲራራ ነጋዴን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። እንግዳ የተቀመጠበት ዳስ አይነሳም። እንግዳ አናት ላይ ዳስ ማጠፍ «ሂድልኝ» ከማለት ይቆጠራል፤ እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ስሙ ከእሱ ቀድሞ ገበያ ይገባል። እንግዳውም ቢሆን በልቶ ሳይመርቅ አይነሳም። ነፋስ ሲመጣ ብድግ ያለ እንግዳ «ዳስህን አላመንኩትም» እንዳለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ነፋስ መጥቶ አቡጀዲውን ሲያስጮኸው ሁለቱ ሰዎች ተያዩና ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።

ጦይባ በሶውን በማር አሽታ አቀረበች። ስታቀርብም ወደ ባሏ ጎንበስ ብላ፣ «ይማም፣ ካስማው እየላላ ነው» አለችው።

«ነፋስ አይደል፣ ያልፋል» አላት፤ በዓይኑ ግን «እንግዳ አለ» አላት።

ሁለተኛው ነፋስ አንዱን ካስማ ነቀለው። አያ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይማም ልጄ፣ ልነሳ መሰለኝ። ግመሎቹም ቆሙብኝ።»

«ምን አጎደልኩብዎት?»

«ኧረ ምንም! ምን ይጎድላል?»

«እንግዲያስ በሶው ሳያልቅ? በሞቴ!»

አያ ሙሄ ተመልሰው ተቀመጡ። ወላሂ ጠግበው ነበር፤ ዳሱ ሊሄድ እንደሆነም ከይማም የበለጠ ያውቃሉ፤ ግን የሟች ጓደኛቸውን ልጅ ማሳፈር አልሆነላቸውም። ሦስተኛው ነፋስ ሲመጣ ይማም አንዱን ባላ በግራ እጁ አቅፎ በቀኙ ያጎርሳቸው ጀመር። እሳቸው ደግሞ ሌላውን ባላ በሁለት እጃቸው ይዘው አፋቸውን ብቻ ይከፍቱለታል። አቧራው ከበሶው ጋር ይገባል። ሁለቱም ስለ ገበያ ያወራሉ።

ጦይባ ሆዷን በእጇ ደግፋ ቆማ አየቻቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ስቃ አታባራም ነበር። አሁን ግን ያ ስፌት የልጇ ጥላ ነው፤ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት። «ኧረ እባካችሁ እጠፉት!» አለች፤ ነፋሱ ቃሏን ይዞት ሄደ።

ከዚያ ዳሱ እመሃሉ ላይ ተተረተረ። የደረበችው ጠርዝ አልተፈታም፣ በቆዳ የከፈፈችውም ቀዳዳ እንዳለ ነው፤ መሃሉ ግን ከዳር እስከ ዳር ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ግማሽ በቅሎዎቹ ላይ ወደቀ፣ ሌላው እሾህ ላይ ተሰቅሎ ይጮህ ጀመር። ሁለቱ ጨዋዎች ባዶ ባላ አቅፈው ቀሩ።

ነፋሱም የመጣበትን ጨርሶ አለፈ። ይማም የተተረተረውን አቡጀዲ ሰብስቦ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጦይባ አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ስደቢኝ» አላት። «አንቺ ዝም ስትይ ነው የምፈራው።»

«ብሰድብህ ጥላ ይሆነኛል?»

ይህን ስትለው ይማም ፊቱን ዞር አደረገ። መመለስ እንዳይሉ ደጋው ሩቅ ነው፣ ወሯም ገብቷል። እዚያው ቆይተው እንዳይሰፉት አፋፉ ላይ ውሃ የለም። ቢሄዱ ደግሞ እናት የለሽ አለ። ወዳጁን አክብሮ ሚስቱን ሜዳ ላይ እንደጣላት ገባው።

አያ ሙሄ ይህን ሲያዩ ወደ ግመላቸው ሄዱና ያንን የታጠፈ ዳስ ፈትተው አመጡት። ጨው ጨው ይሸታል፤ አሮጌ ነው፤ ቀዳዳ ግን የለውም።

«እኔ ወደ ደጋው፣ ወደ ደመናው ነው የምወጣው። ይህን ውሰዱት።»

ይማም ብድግ አለ። «ኧረ አያ ሙሄ! እንዴት ተደርጎ? የእርስዎን ዳስ እኔ? ይህማ...»

ጦይባ ባሏ የጨዋ ግብዣና እምቢታ ሊጀምር መሆኑን አወቀች። ከባሏ ቃል የራሷን ቃል አስቀድማ አታውቅም ነበር። አሁን ግን መሬት ተደግፋ ተነስታ ዳሱን ከሽማግሌው እጅ ወሰደችና ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«ተቀብለናል አያ ሙሄ። አላህ ይስጥልን። አሁን ይመርቁንና ይሂዱ፣ ይመሽብዎታል።»

አያ ሙሄ ሳቃቸው መጣ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ለመንገዱም ለሆዷም መረቁ፤ ለይማም ጨዋነትም አላህ ልክ እንዲሰጠው ለመኑ። ሦስቱም አሚን አሉ፤ ይማም ከሁሉ ጮክ ብሎ አለ።

በማግስቱ ማልደው ሜዳውን ጀመሩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ የአያ ሙሄን ዳስ ዘረጉ፤ ጦይባ ከሥሩ ተኛች። ሁለት መንገደኞች መጥተው ጥላ ለመኑና ይማም አስገብቶ ውሃ ሰጣቸው። ገና ውሃውን ሳይጨርሱ ከሜዳው ጥግ አቧራ ተነሳ። ይማም አንዴ እንግዶቹን፣ አንዴ ጦይባን አየ።

«ወንድሞቼ፣ አትቀየሙኝ» አለ በመጨረሻ። «ዳሱን ላጥፈው ነው።»

መንገደኞቹ ጽዋቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ይሄዳሉ ብሎ ሲጠብቅ አንዱ አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ያዘለት። አጥፈው ላዩ ላይ ተቀመጡበት። ነፋሱ እስኪያልፍ ይማም ጀርባውን ለአቧራው ሰጥቶ ጦይባን በጋቢው ከለላት። እሷም እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና እጁን ያዘችው፤ ቂሟ ያን ጊዜ ወጣላት። ሲያልፍ መልሰው ዘረጉት።

እናቷ ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ጦይባ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እናቷ እማ ዘሃራ የመንገዱን ወሬ ሁሉ ከልጃቸው አፍ ሰሙ፤ ባላ ታቅፎ ስለ ማጉረሱ ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የተተረተረውንም አቡጀዲ አጥበው ለልጁ መጠቅለያ ቆረጡት። የአያ ሙሄ ዳስ ይማም ሲመለስ እንዲያደርሰው ተጣጥፎ ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል።

ይማም ልጁን ሊያይ ገብቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። በዚያ አገር አማት አማቿን ፊት ለፊት አትመክርም፣ አትወቅስም፤ ነውር ነው። እማ ዘሃራም ወግ አዋቂ ናቸውና ወደ እሱ ዞር እንኳ አላሉም። የአቡጀዲውን ጫፍ በልጁ ላይ እያጠፉ፣ ይማም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሕፃኑን አሉት፦ «አንተ እንኳ እወቅ ልጄ፤ ለነፋስ ያጠፈ፣ ከፀሐይ ተረፈ።»