ደጀ ሰላም የሚሳለመው ድሬሰር

«ቤንዚን በራሽን ይታደል በነበረበት ዘመን፣ በተራራ ጎን ላይ በተሠራች ከተማ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት የንስሐ ልጃቸው ናት። አባቷ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ጀምሮ እያገላበጠች፣ እያጠበችና እያጎረሰች የምታስታምማቸው እርሷ ብቻ ነበረች። የመጣችው አንድ ነገር ልትጠይቅ ነው። «አባ፣ ሰው ሁሉ ያመሰግነኛል። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ‹የአባት ምርቃት ይድረስሽ፣ እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን› ይለኛል። ታዲያ የሚያግዘኝ ለምን ጠፋ?» ይህን ስትል በድምፅዋ ቁጣ አልነበረም፤ ለመቆጣት የሚበቃ ጉልበት እንኳ አልቀራትም።

መምህሩ ምክር አልሰጧትም። ታሪካቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ነበረ። የሚሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማዋ ግርጌ፣ ከወንዙ ዳር ነው፤ አልጋ የያዙ በሽተኞቹ ግን አብዛኞቹ ከላይኛው ሰፈር ይኖሩ ነበር። መኪናው ነዳጅ አጥቶ ሲቆም ከመጋዘን አንድ ከባድ ጥቁር ብስክሌት አውጥተው ሰጡት። እርሱም ከኋላው የመድኃኒት ሣጥኑንና መርፌ የሚቀቅልበትን የላምባ ምድጃ በጠፍር አስሮ ሥራውን ጀመረ። ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ነበር፤ የቀኝ ጉልበቱንም ውሎ አድሮ ያመው ጀመር።

ወደ ላይኛው ሰፈር የሚያወጣው ጎዳና ልብ አውልቅ ይባላል። ጋሪ አይደፍረውም። የጫነች አህያ እንኳ ቀጥ ብላ አትወጣውም፤ ከጥግ ወደ ጥግ እያገደመች ታታልለዋለች እንጂ። ድሬሰሩም የአህያዋን ጥበብ ተማረ። ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በቁሙ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየተጠማዘዘ ይወጣል። የፊተኛው ጎማ ከድንጋዩ ልነሣ ልነሣ ሲል በደረቱ ይጫነዋል። ትንፋሹ ከጉሮሮው ሳይሆን ከሆድ ዕቃው የሚመጣ ይመስለዋል። ከላይ ከተደረሰ በኋላ መንገዱ ሜዳ፣ ቤቶቹም የተራራቁ ስለ ሆኑ ብስክሌቱን ከታች ትቶ በእግሩ ቢወጣ ሥራው ሳያልቅ ይመሽበታል።

ወርዶ ቢገፋውስ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ዳገት ላይ ከብስክሌት መውረድ ነውር ነበር። በጎዳናው እኩሌታ፣ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በር ፊት ለፊት አንድ የድንጋይ አጥር አለ፤ የሰፈሩ ሽማግሎች ጧት ጧት በዚያ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ወጪ ወራጁንም ይመዝናሉ። አንድ የሒሳብ አስተማሪ ብስክሌቱን እየገፋ ሲያልፍ አይተው «ሚዜው መጣ! ሙሽሪትን ደግፎ!» አሉት። አስተማሪው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ሚዜው» ሲሉት ኖሩ። ድሬሰሩ ይህን ያውቃል። መርፌ ሊወጋ ከሚገባባቸው ቤቶች በአንዱም «ሚዜው መጣ» ተብሎ መግባት አልፈለገም።

አንድ ቀን ግን ልክ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ ጉልበቱ ከዳው፤ እግሩም መሬት ነካ። ከአጥሩ ላይ የአንድ ሽማግሌ ሳል ሰማ። ስድቡ ሳይከተል ፈጥኖ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ብስክሌቱን በአንድ እጁ እንደ ያዘ የደጀ ሰላሙን መቃን ተሳለመ።

ሽማግሎቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አያችሁ?» አሉ ባሻ አየልኝ፣ ከሁሉም ምላሳቸው የሚፈራው። «የድሮ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ከበቅሎው ይወርድ ነበር። ዛሬ በመኪና ጥሩምባ እየነፋ የሚያልፈውን ታያላችሁ። ይህ ሰው ግን ከብረት በቅሎ እንኳ ወረደ!»

ድሬሰሩ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ስላጠረው አልቻለም። ትንፋሹ በተመለሰ ጊዜ ደግሞ ምስጋናው ጣፍጦት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ ከበሩ ላይ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ዕረፍት ሆነለት። እያደር ግን ዕረፍቱ ራሱ ሥራ ሆነበት። የሚሳለም ሰው ፈጥኖ አይሄድም፤ ስለዚህ ቆሞ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ነበረበት። የሚጸልይ ሰው ይሰግዳል፤ ስለዚህ በሚያመው ጉልበቱ ይሰግድ ጀመር። ሴቶች «በጸሎትህ አስበን» ይሉት ገቡ። ባሻም ሌሎቹን «ዝም በሉ፣ ሰውየው ከአምላኩ ጋር ነው!» እያሉ ይገሥጹለታል። እርሱ ግን ግንባሩን ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አስደግፎ የሚያስበው ስለሚቀረው ዳገት ብቻ ነበር። ሌላ ቦታ መውረድም ከቶ አይችልም፤ ጻድቅ የሚያርፍበት ቦታ የታወቀ ነውና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለበሽተኞቹ ሁሉ ሲናገር የኖረው ይኸው ሰው ነው።

ከዳገቱ ጫፍ አንዲት የሳንባ ሕመምተኛ ነበረች፤ የልጆች እናት ናት። መርፌዋ አንድም ቀን መታጐል የለበትም፤ የታጐለ እንደ ሆነ ሕመሙ መድኃኒቱን ይለምድና ይንቀዋል። ድሬሰሩ በዝናብም በጭቃም የሚወጣው ከሁሉ ይልቅ ስለ እርሷ ነበር።

በነሐሴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ በነጋበት ጧት፣ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሳለ ልቡ ጆሮው ውስጥ መምታት ጀመረ። ውረድ፣ ውረድ አለው ጉልበቱ። ቀና ብሎ ሲያይ ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከአጥሩ ላይ አሉ። አልወረደም። በሩ ላይ ደርሶ ተሳለመ፣ ሰገደ፣ ተመሰገነ፤ የቀረውንም ዳገት ወጣ። ከሴትየዋ ቤት ሲገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ልረፍ እንዳይል ሌሎች ይጠብቁታል። የመድኃኒቱን ብልቃጥ አነሣ፤ ብልቃጡም ከጣቱ አመለጠና ከወለሉ ላይ ተሰበረ። ከሣጥኑ ውስጥ ሌላ አልነበረውም።

ሴትየዋ በእርጥቡ ወለል ላይ የተበተነውን ስባሪ አየች። ከዚያ እርሱን አየችው። «ምንም አይደል፣ ጌታዬ» አለች። «አንተ ለኛ ስትል የምትለፋው አይበቃም? ደግሞ የጸሎት ሰው ነህ፤ እጅህ ባርኮኛል።» ይህን ብላ ወደ ግድግዳው ዞራ ትስል ጀመር። ሳሉ ቶሎ አላባራም።

ድሬሰሩ ያን ቀን ቁልቁለቱን ብስክሌቱን ሳይጋልብ በእግሩ ወረደ።

በማግሥቱ ከልብ አውልቅ ግርጌ፣ ዳገቱ ገና ሳይጀምር፣ ከብስክሌቱ ወርዶ መግፋት ጀመረ። ሽማግሎቹ ከላይ አዩት።

«ድሬሰር!» ብለው ጮኹ ባሻ አየልኝ። «ምነው? ቤተ ክርስቲያኑ እኮ ገና ነው!»

«ቤተ ክርስቲያኑን ብዬ አይደለም ባሻ» አለ፤ ድምፁን ከፍ ለማድረግ እንኳ ቆም ማለት ነበረበት። «ደክሞኝ ነው።»

«ደክሞኝ?»

«ደክሞኛል። ትናንትም ደክሞኝ ነበር። በሩ ላይ የምወርደውም ጉልበቴ ስለሚከዳኝ ነው።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ፣ አንድ ዓይናው ሽማግሌ፣ «ኧረ ጉድ! ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እመቤታችንን ስታታልል ኖረሃላ?» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

«እርሷስ ታውቃለች» አለ ድሬሰሩ። «ያታለልኩት እናንተን ነው።»

ሳቁ ቆመ። «ሚዜው» እስኪሉት ጠበቀ። ቢሉትም ግድ እንደማይሰጠው በዚያች ሰዓት ተረዳ፤ ብስክሌቱን መግፋቱንም ቀጠለ። ጎማው በጭቃው ተንሸራትቶ ወደ ኋላ ሊጎትተው ሲል፣ ባሻ አየልኝ በትራቸውን ለአንድ ዓይናው ሽማግሌ አቀበሉና ከአጥሩ ወረዱ። ጋቢያቸውን ከወገባቸው ላይ አሸረጡ። ቁልቁል መጥተውም ከመድኃኒቱ ሣጥን ኋላ ሁለት እጃቸውን አሳረፉ።

«ባሻ፣ ኧረ ይተዉ! በዚህ ዕድሜዎ!»

«ዝም ብለህ መሪውን ያዝ!» አሉት። «እኛ ምን እናድርግ? የሚጸልይ ሰው አይነካም፣ በረከቱን ማቋረጥ ይሆናል ብለን ተቀመጥን። ደከመኝ ብትለን ኖሮ ያኔውኑ እንገፋህ አልነበር? ሞኝ!»

ገፉት። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተሳለሙ፤ መሳለማቸውም ዐጭር ነበር። ከላይ ሲደርሱ ድሬሰሩ እጁን ዘርግቶ አየው፤ አይንቀጠቀጥም። ከዚያ ቀን በኋላ ከአጥሩ ላይ አንዱ ወርዶ የሚገፋለት አልጠፋም፤ እየሰደቡትም ቢሆን፣ ገፉት። የሴትየዋም መርፌ ከዚያ ወዲያ ሳይታጐል አለቀ። መስቀል ሲጠባ ከደጃፏ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ አያት።

መምህሩ እዚህ ላይ ወደ ንስሐ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺም እንዲሁ ነሽ። ጎረቤት ‹እንዴት ሆንሽ?› ሲልሽ ‹ተመስገን፣ አባቴ አይደሉ እንዴ? ደስ ብሎኝ ነው› ትያለሽ። ደጀ ሰላም መሳለም ማለት ይህ ነው። ሐሰት ነው አልልሽም፤ ድሬሰሩም እመቤታችንን ይወድ ነበር። ግን ድካምሽን በፍቅርሽ ሸፈንሽው፤ ሰውም የሸፈንሽበትን አይቶ ‹አይነካም› ብሎ በአጥሩ ላይ ተቀመጠ። ለጻድቅ ምስጋና ይሰጣል እንጂ ትከሻ አይሰጥም። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ የሚሰበረው ያንቺ ዕቃ አይደለም፤ የአባትሽ ነው። ዛሬ ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ዳገቱ ሳይጀምር ውረጂ። ‹ደከመኝ› በይ።»

«ለማን ልበል፣ አባ?» አለች ሴትየዋ። «ወንድሜ የራሱ ችግር አለበት። ጎረቤቶቼም ሁሉም የየራሳቸውን ይገፋሉ። ያልደከመ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

«ያልደከመ ሰው ፈልጊ አላልኩሽም» አሉ መምህሩ። «ድሬሰሩም ያን ቀን የገፋው ብርቱ ሰው መስሎት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሻ አየልኝ ሲያርፉ ለቅሶ ደረሰ። ከድንኳኑ ውስጥ ሚስታቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ባሻ ለሰው ሳይናገሩ የልብ ሕመም ይዘው እንደ ኖሩ የሰማው ያን ጊዜ ነው። ብስክሌት በገፉበት ቀን ከቤት ሲገቡ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይተኙ ነበር አለችው። ‹ሌላውን ቀን ሁሉ እየለመንኳቸው ነበር የማጎርሳቸው› አለች፤ ‹በገፉበት ቀን ግን ራሳቸው ተነሥተው ምሳ አቅርቢ ይሉኝ ነበር።›»