ባለጎማዎቹ ሴቶችና ስም ያልወጣላት ልጅ

ነገሩ የሆነው በአንድ ወቅት፣ ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ነው። ታሪኩን እኔ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን ግን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

እሑድ እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ በሐይቁ ዳር ባለው ሰፊ አስፋልት ላይ ባለጎማ ጫማ አድርገው የሚንሸራተቱ ሰዎች ነበሩ። ልጆች እንዳይመስሏችሁ። ትንሿ ሠላሳዋን ያለፈች፣ ትልቋ ጡረታ የወጣች ነበረች። አናጢ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የአምስት ልጆች እናት አለች። ጫማቸው ከሰልባጅ ተራ የተለቀመ ነው፤ የአንዳንዱ ግራና ቀኝ በቀለም እንኳ አይገናኝም። መጀመሪያ ሰሞን የባጃጅ ሾፌሮች ፍጥነታቸውን ቀንሰው «እማማ፣ ፍሬን አለሽ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እነሱም አብረው ይስቃሉ። ሲወድቁ ተያይዘው ይወድቃሉ፣ ሲነሱም ተደጋግፈው ይነሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ በየሥራው ሲጎብጥ የከረመ ጀርባ፣ እሑድ ጠዋት የሐይቁ ነፋስ ፊት ላይ ሲመጣ ቀና ይላል። አናጢው «እዚህ ላይ ስሆን ዕድሜዬ ሮጦ አይደርስብኝም» ይል ነበር።

ይህን ማኅበር የመሠረቱት ቲቸር ዘነቡ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ስፖርት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አላገቡም፣ አልወለዱም። ካስተማሯቸው ልጆች አንዷ ብርዛፍ ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ላንቃሞ ወደ ሞያሌ የጭነት መኪና ይነዳል። ብርዛፍ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልሆነላትም። ሁለተኛው ፅንስ የጠፋባት የመውለጃዋ ወር ሲቃረብ ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቋን ዘጋች። የስፌት መኪናዋን በአንሶላ ሸፈነችው፤ መጋረጃውንም አልገልጥም አለች። ባሏ ከመንገድ ሲመለስ ትቷት በሄደበት ወንበር ላይ ያገኛታል።

ቲቸር ዘነቡ ይህን ሰሙ። እሑድ መጥተው በሯን አንኳኩ፤ አልከፈተችም። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው አንኳኩ፤ አሁንም አልከፈተችም። እሳቸው ግን እሑድ በመጣ ቁጥር መጡ። አንድ ቀን በሩ ገርበብ አለ።

«ምን ሊያደርጉልኝ ነው የሚመላለሱት?» አለች ብርዛፍ።

«ምንም። ጫማ ልለካልሽ ነው» አሉ።

ያላቸው ባለጎማ ጫማ አንድ ብቻ ነበር። የራሳቸውን አውልቀው ለእሷ አጠለቁላት። እሳቸው በነጠላ ጫማ ሆነው፣ ሁለት እጇን ይዘው፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ አስፋልቱ ላይ ይመሯት ጀመር። ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው «ቲቸር፣ እርስዎ መቼ ነው የሚንሸራተቱት?» ሲላቸው «ይኸው እየተንሸራተትኩ አይደለም እንዴ? በእሷ እግር!» ይሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ብርዛፍ እጃቸውን ለቀቀች። ራሷ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች ወደቀች፤ ወድቃም ከት ብላ ሳቀች። ቲቸር ዘነቡ ያን ሳቅ ሲሰሙ ዞር ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ብርዛፍ ቤቷ ገብታ አንሶላውን ከስፌት መኪናዋ ላይ ገፈፈችው። ላንቃሞ ከሞያሌ ሲመለስ የስፌት መኪናውን ድምፅ ከውጭ ሰምቶ፣ ሳይገባ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ዳግመኛ አልሞክርም» ያለችው ሴት ሰውነቷም ልቧም ጠና፤ በዓመቱም አረገዘች።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ልውሰዳችሁ። ዱሬቲ ትባላለች፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ከማኅበሩ ሁሉ ፈጣኗ እሷ ነበረች። ስትንሸራተት ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል፤ በአንድ እግሯ ትዞራለች፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ቁጢጥ ብላ ታልፋለች። «ከምጣዴ ፊት ስቆም ሰው ዓሣ ያያል፤ እዚህ ስሆን ግን እኔን ያያል» ትል ነበር። ያላት ደስታ ይኸው ነው።

ብርዛፍ ስታረግዝ መንሸራተቱን አቁማለች፤ ወሯ ሲገባም ግን ከእሑድ ጠዋቱ አልቀረችም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጨበጭባለች። አንድ እሑድ ከተማው ውስጥ ትልቅ የጎዳና ሩጫ ነበረ፤ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ለመኪና ተዘግተዋል። ላንቃሞ ሩቅ አገር ነው። ብርዛፍ ስታጨበጭብ ቆይታ በድንገት እጇ ቆመ። «ቲቸር…» አለች። ቀሚሷ በደም ርሷል።

አምቡላንስ ተደወለ። በሯጩ ብዛት የተነሳ ዞሮ እስኪመጣ እንደሚቆይ ተነገራቸው። በአቅራቢያው ሸንኮራ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው ሸንኮራውን መሬት ላይ ዘርግፎ ጋሪውን ሰጣቸው። ሹራባቸውንም ጃኬታቸውንም አንጥፈው ብርዛፍን አስተኟት። ቲቸር ዘነቡ ከጎኗ ሆነው እጇን ያዙ፣ ሌሎቹ ከኋላ ይገፋሉ፣ ዱሬቲ ፊት ገብታ የጋሪውን ሁለት እጀታ ጨበጠች። ጫማ ለማውለቅ ጊዜ አልነበረም፤ ደግሞም በእግር ከመሮጥ በጎማው ይፈጥናሉ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ እንደ አንድ ሰው ሆነው በረሩ።

ወደ ሆስፒታሉ ሲቃረቡ ግን ቁልቁለት መጣ። ጋሪው ክብደት አለው፣ ፍሬን የለውም። ከኋላ ያሉት ወደ ራሳቸው ሊጎትቱት ቢሞክሩ ጎማቸው እየተንሸራተተ አብሯቸው ሄደ። ከታች የተከፈተ ቦይ አለ።

«ልቀቂው ዱሬቲ! ዞር በይ!» ብሎ አናጢው ጮኸ።

ዱሬቲ ብትለቀው ኖሮ እሷ ትድን ነበር። አልለቀቀችም። እጀታዎቹን ብብቷ ውስጥ አስገብታ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች፤ በታፋዋና በእግሯ መንገዱን እየፋቀች ወረደች። ቀኝ ጉልበቷ የቦዩን ጠርዝ ሲመታ የተሰማው ድምፅ ዛሬም ድረስ የሚሰማቸው አሉ። ጋሪው ቆመ። ብርዛፍ ከቦታዋ እንኳ አልተነቃነቀችም። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ዱሬቲ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። «እኔን ተዉኝና እሷን አድርሱ!»

አደረሷት። ሐኪሞቹ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧት። ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር እዚያ የተገኘው ደም አልበቃ አለ። የእሷ ዓይነት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም፤ ያለው ከተማው ማዶ ባለው የደም ባንክ ነው። በመካከል ያለው መንገድ ሁሉ በሯጭ ተሞልቷል። ሞተር ሳይክል አያልፍም፤ በእግር የሄደም በሰዓቱ አይመለስም። ደሙንም የሚረከበው የጤና ባለሙያ መሆን አለበት፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ደግሞ ከታማሚዋ ላይ እጃቸውን ማንሳት አይችሉም።

ሦስተኛዋ ረምላ ናት። ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ከማኅበሩ ውስጥ እንደ እሷ ፈሪ አልነበረም። የሰው ወገብ ሳትይዝ ሄዳ አታውቅም፤ ማዞርም ማቆምም አትችልም። ከልጅነቷ ጀምሮ መውደቅ ትፈራለች፤ ማኅበሩ ውስጥ የገባችውም ይህ ፍርሃት ይለቃት እንደሆነ ብላ ነው፤ ግን አልለቀቃትም። በዚያች ሰዓት ዙሪያዋን ብታይ የጤና ባለሙያ መታወቂያ ያላት እሷ ብቻ ሆነች።

«ስጡኝ» አለች።

«ማን ይይዝሻል?» አሏት ቲቸር ዘነቡ።

«ማንም። ስጡኝ ብያለሁ።»

የደም ማቀዝቀዣውን ሳጥን ደረቷ ላይ አስራ ወጣች። ስትሄድ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመች እንደሄደች ያዩ ነግረውኛል። ደሙን ተረክባ ስትመለስ ግን ዋናው መንገድ ላይ ሕዝቡ መሐል ገባች። ፖሊስ እጁን ዘርግቶ ሊያስቆማት ሲል ደረቷ ላይ ያለውን ሳጥን እያሳየች «ደም ነው! የምትወልድ ሴት አለች!» ብላ ጮኸች። አንዲት ሯጭ ሰማቻትና «መንገድ ልቀቁ!» አለች፤ ሌላው ተቀበላት፤ ጩኸቱ ከአፍ ወደ አፍ ቀድሟት ሄደ። ያ ሁሉ ሕዝብ ግራና ቀኝ ተከፍሎ በጭብጨባ አሳለፋት። መሐል ላይ አንድ ጊዜ ወደቀች። አገጯ ተተረተረ፤ ሳጥኑን ግን መሬት አላስነካችውም። ተነስታ ቀጠለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ማቆም ስለማትችል ዘበኛው በሁለት እጁ አቅፎ አስቆማት።

ብርዛፍ ዳነች። ሴት ልጅም ወለደች፤ ክፍሉን በጩኸት የምትሞላ፣ ጉንጫም ልጅ።

ዱሬቲን ግን ሐኪሙ «ትራመጂያለሽ፤ ባለጎማ ጫማ ግን ከእንግዲህ አይሆንም» አላት። ማልቀስስ አለቀሰች፤ የምትወደው ነገር ነበርና። ከዚያ በኋላ ሰው ሊያጽናናት ሲመጣ «ጉልበቴ የት እንደሄደ አውቃለሁ። ያቻትና፣ ትስቃለች!» እያለች ወደ ሕፃኗ ታሳያለች።

ብርዛፍ ከተጠናከረች በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ሐይቁ ዳር ሣር ላይ ተሰበሰበ። ሸንኮራ ሻጩም ተጠርቶ መጥቷል። ላንቃሞ ሕፃኗን አቅፎ ተነሳ። እንዲህም አለ፦

«እኔ በሌለሁበት ሁለቱንም አተረፋችሁልኝ። የምከፍለው ነገር የለኝም። እኔና ብርዛፍ ተመካክረን ልጃችንን ስም ሳናወጣላት ጠበቅናችሁ። ቲቸር፣ ዱሬቲ፣ ረምላ፣ ስሟን ከሦስታችሁ አንዳችሁ ታወጡላታላችሁ። ዕድሜዋን በሙሉ የምትጠራበት ስም የእናንተ ስጦታ ይሁን።»

«ለምን ሦስቱም አያወጡላትም?» አለ አናጢው።

«አንድ ልጅ በሦስት ስም ስትጠራ ለየትኛው አቤት ትበል?» አለች ብርዛፍ። «እንድትመርጡልኝ ነው የምለምናችሁ። እኔማ አንዷን ሳስብ ሌላዋ ትመጣብኛለች፤ ሌሊት ሳጠባት ሦስቱንም አመሰግናለሁ።»

ክርክር ተነሳ። አንዱ «ቲቸር በሯን ባያንኳኩ ኖሮ ይቺ ልጅ ከየት ትመጣለች? ሌሎቹ ያተረፉት እኮ እሳቸው ያስጀመሩትን ነው» አለ። ሌላዋ «ቲቸር ክረምቱን ቢሰጡ ዱሬቲ ዕድሜ ልኳን ሰጠች። ያለፈ ክረምት ዳግመኛ ይመጣል፤ ጉልበት ግን አይመጣም» አለች። ሸንኮራ ሻጩ ደግሞ «ዱሬቲ ጎበዝ ናት፣ ስለጉብዝናዋ ፊት ገባች። ረምላ ግን የማትችለውን ነው ያደረገችው። የሌላትን የሰጠች አትበልጥም?» አለ።

ሦስቱም ተጠየቁ።

«እኔ እሑድ እሑድ የማደርገውን ነው ያደረግኩት፤ ለረምላ ስጧት» አለች ዱሬቲ።

ረምላ አገጯ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጇ ሸፍና «እኔ ያን ቀን ከፍርሃቴ ተገላገልኩ። ድርሻዬን አግኝቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አልጠይቅም» አለች።

ቲቸር ዘነቡ ግን «አልዋሽም» አሉ። «ስም አውጥቼለት የማውቀው ልጅ የለኝም። ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል። ባትሰጡኝም ግን አይከፋኝም፤ የብርዛፍን ሳቅ ሰምቻለሁና።»

ይህን ጊዜ ብርዛፍ ተነስታ በቲቸር ዘነቡ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ዱሬቲና ረምላም መጥተው አቀፏቸው፤ ሕፃኗ መሐላቸው ገብታ ተንጫጫች። ፍርዱም ሳይሰጥ ሰው ተበተነ።

ልጅቷ አሁን መዳህ ጀምራለች። ቤተሰቡ ለጊዜው «ሚጡ» ይላታል። ላንቃሞ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር «ተወሰነ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ብርዛፍም ገና ነው ትለዋለች።

እናንተ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ። አንዷ በሩ እስኪከፈት አንኳኩታ የራሷን ጫማ አጠለቀችላት። አንዷ የምትወደውን ነገር ለዘለዓለም አጥታ ጋሪውን አቆመች። አንዷ በማትችለው ጎማ ከተማውን አቋርጣ ደሙን አመጣች። አንዷ ብትጎድል ልጅቷ አትኖርም ነበር፤ ስሟ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ለመሆኑ ስሟን ማውጣት የሚገባው ለማን ነው?