ፊደሉስ?

እኛ ሰፈር ሰው አዲስ ዕቃ ገዝቶ ሲገባ «ይባርክልህ» ከማለታችን በፊት «ፊደሉስ?» ብለን እንጠይቃለን። እንግዳ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም፤ ከጋሽ እንግዳወርቅ ቤት የወጣ ነገር ነው።

ጋሽ እንግዳወርቅ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። በሰፈሩ ደግሞ ዘርፌ የምትባል፣ ለቅሶ ቤት ስትገባ ድንጋይ የምታስለቅስ አልቃሽ ነበረች። ሙሾዋን ከአፏ እየተቀበሉ ዓመታት ሙሉ በኮምፒውተራቸው ጻፉት። ዘርፌ ስትሞት ልጇ ዘሚቱ፣ ለእናቷ ሙት ዓመት እንዲያነቡላት ለመነቻቸው። እሳቸውም ቃል ገቡ።

ኮምፒውተሩ ግን ክፉኛ አርጅቷል፤ እስኪነሳ ሰው ምሳውን በልቶ ይጨርሳል። ጠጋኙ ሜሞሪ ይጨመርለት፣ ገና ያገለግላል አለ። ልጃቸው አንተነህ አልሰማም። ባንክ ቤት ሹም ሆኗል፤ በሙት ዓመቱ ቀን ለቀስተኛው ያን ግንድ የሚያህል ዕቃ እንዲያይበት አልፈለገም።

«አባባ፣ ለሞተ ፈረስ ገብስ አይሰፈርም» አላቸው።

«ጽሑፌስ?»

«በፍላሽ አወጣልዎታለሁ። አንድ ቃል አይጎድልም።»

ጋሽ እንግዳወርቅ እሺ አሉ። የልጅ ፊት ከባድ ነው።

አንተነህ ጽሑፉን በፍላሽ ገልብጦ፣ አሮጌውን ከነሆዱ ለሻጩ በልዋጭ ሰጥቶ አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። ሻጩም ወዲያው በታትኖ ለቆራሌው ሸጠው። ላፕቶፑ እንዳይቧጠጥ ተብሎ እስከ ሙት ዓመቱ ከካርቶኑ አልወጣም። እኛም ሞኞቹ ካርቶኑን እያየን መረቅን።

ቀኑ ደረሰ። ዘሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የምትጠብቀው እናቷ በገዛ ልጇ፣ በዘሚቱ ወንድም ሬሳ ላይ ያወረደችውን ሙሾ ነበር። ፋይሉ ተከፈተ። እውነትም አንድ መስመር አልጎደለም፤ ግን ከሀ እስከ ፐ አንድ ፊደል የለም። ገጹን የሞላው የፈረንጅ ፊደል፣ ሰረዝና ባዶ ሳጥን ነው። ጋሽ እንግዳወርቅ የጻፉበት የግዕዝ ፕሮግራም አንድ ወዳጃቸው የሠራላቸው ነበር፤ ፊደሎቹም የሚኖሩት በዚያ አሮጌ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ወዳጃቸውም ሞቷል። አንተነህ ሻጩ ዘንድ ሮጦ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ጋሽ እንግዳወርቅ በቃላቸው ሊሉት ሞከሩ። ሁለት ስንኝ ብለው ሦስተኛው ጠፋባቸው፤ እዚያው ሰው ፊት አለቀሱ። እኔ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። አንተነህ ለአንድ ቀን እዩልኝ ብሎ የሰው እናት ሁለተኛ ቀበረ።

አንተነህ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ባለሙያ እንፈልጋለን፣ አንድ ነገር አይጠፋም እያለ ይንተባተባል። ዘሚቱ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና ወደኛ ዞራ፣ «እዩት፤ ፊደሉን በልዋጭ ሰጥቶ ጽሑፉን ታቅፎ ቀረ» አለች።