ጋቢው ያለ ፈትል አልገጥምም አለ

ጠጋ በሉ። ነገሩ አጭር ነው፤ የሰንሰለቱን ቀለበት ግን አንዱንም እንዳትዘሉብኝ።

እናንዬን ምጥ ያዛት። የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፤ ጤና ጣቢያ መድረስ። የመጀመሪያ ልጇን እቤት ወልዳ፣ ሳያለቅስ ቀብረውታል። አዋላጇም «ይሄኛውን እቤት እንዳትሞክሪው» ብላት ነበር። የቤቱ ገንዘብ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለጤፍ አልቋል። ለወሊዱ ቀን ምንም አላስቀመጡም፤ ላልተወለደ ልጅ ማዘጋጀት ሟርት ይሆናል ብለው ፈርተው።

ባሏ ሽባባው፣ ሸማኔው፣ ወደ ባለ ባጃጁ ሮጠ።

«ታንኬ ደርቋል ጋሼ። ግፋው ካልከኝ እገፋዋለሁ።»

ቤንዚን በጠርሙስ ወደምትሸጠው ሴትዮ ሮጠ።

«በዱቤ የወሰዱት ሁሉ እስካሁን እየመጡ ነው» አለችው፣ ጠርሙሱን ወደ ጓዳ እያስገባች።

ባጃጁ ያለ ቤንዚን አልሄድም አለ፤ ቤንዚኑ ያለ ገንዘብ አልቀዳም አለ፤ እናንዬም የበሩን መቃን ይዛ ታምጣለች።

ገንዘብስ ነበረው። ባለፈው እሑድ ዕቁብ ወጥቶለታል። ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሮጠ።

«ደንቡን ታውቀዋለህ» አሉ ዳኛው። «ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ላንተ ብዬ ባፈርሰው ነገ ማን ይሰማኛል?»

ባጃጁ ያለ ቤንዚን አልሄድም አለ፤ ቤንዚኑ ያለ ገንዘብ አልቀዳም አለ፤ ዕቁቡ ያለ ዋስ አልወጣም አለ፤ እናንዬም መቃኑን ይዛ ታምጣለች።

ዋስ የሚሆን ሰው ጋሽ ልየው ነበሩ። ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ጋቢዬን ለፋሲካ አደርሳለሁ ብለኸኝ ነበር። ፋሲካው አለፈ፤ ክረምቱ መጣ። በቃልህ ያልቆምክልኝን ሰውዬ በምን ልቁምልህ?»

«ተሸምኗል ጋሼ። ሁለቱን ወገን መግጠም ብቻ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ገጥመህ አምጣዋ።»

መግጠሚያ ፈትል ግን አልነበረውም። ከቤቱ በኩል የእናንዬ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ። ዝምታዋ ከጩኸቷ ይልቅ አስሮጠው።

ባጃጁ ያለ ቤንዚን አልሄድም አለ፤ ቤንዚኑ ያለ ገንዘብ አልቀዳም አለ፤ ዕቁቡ ያለ ዋስ አልወጣም አለ፤ ዋሱ ያለ ጋቢ አልፈርምም አለ፤ ጋቢው ያለ ፈትል አልገጥምም አለ፤ የእናንዬም ድምፅ አይሰማም።

ፈትል ትሰጠው የነበረችው ጎረቤቱ እትዬ የዝና ናት። የወለደቻቸውን ሁሉ ስለቀበረች እርጉዞች መንገድ ይቀይሩባታል። ፈትሉን ካቋረጠችበት ከርማለች። ሽባባው ደጇ ላይ ቆመ፤ መግባት አልቻለም።

«ፈትል ነው?» አለችው።

«ፈትል ነው እትዬ።»

«አለኝ። ሚስትህ ግን በደጄ ስታልፍ ሆዷን በነጠላ ትሸፍንብኛለች። እኔ ልጆቼን ቀበርኩ እንጂ አልገደልኳቸውም። ጥሩኝና ወገቧን ልደግፍ። ያን ጊዜ ፈትሉ ያንተ ነው።»

ባጃጁ ያለ ቤንዚን፣ ቤንዚኑ ያለ ገንዘብ፣ ዕቁቡ ያለ ዋስ፣ ዋሱ ያለ ጋቢ፣ ጋቢው ያለ ፈትል፤ ፈትሉ ደግሞ ያለ ጥሪ አልመጣም አለ።

ሽባባው በልቡ መዘነ። ቢያስጠጋት ልጁን፣ ባያስጠጋት ሁለቱንም ሊያጣ ነው።

«ነይ እትዬ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ፈትሉ ጋቢውን ገጠመ፤ ጋቢው ዋሱን አስፈረመ፤ ዋሱ ዕቁቡን አስወጣ፤ ዕቁቡ ቤንዚኑን አስቀዳ፤ ቤንዚኑ ባጃጁን አስነሳ፤ ባጃጁ እናንዬን ይዞ በረረ። እትዬ የዝና እስኪደርሱ ወገቧን አልለቀቀችም።

አዋላጇ ከማዋለጃው ብቅ አለች። «የልጁ መጠቅለያ የታለ?»

እትዬ የዝና ከነጠላዋ ሥር ታጥቦ የታጠፈ ጨርቅ አወጣች።

«ሆዷን የሸፈነችብኝ ቀን ነው መፍተል የጀመርኩት፤ ሌላ ሸማኔ ጋ አሸመንኩት» አለች።

ሳይወለድ የተዘጋጀ። ሽባባው ሊከለክላት እጁን ዘረጋ። ያኔ ከውስጥ ልጁ አለቀሰ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ከዚያ ጨርቁን ራሱ ተቀብሎ ለአዋላጇ ሰጣት።

የገንፎው ዕለት ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት። እትዬ የዝና እጇን ታጥባ ከሁሉ በፊት ቆረሰች። ሰንሰለቱ ተቋጥሮ የነበረው እሷን በማራቅ ነው፤ የተፈታውም እሷን በማቅረብ።